ጀርባዋን የሰጠችው ሴት

በልጅነቴ ሥዕል ሳይ ከሁሉ አስቀድሜ የምቆጥረው ዓይን ነበር። የቀን መቁጠሪያ ላይ ያለች ልጅ ትሁን፣ የሳሙና ካርቶን ላይ የምትስቅ ሴት ትሁን፣ ወደ ጎንደር በሚያልፍ አውቶቡስ መስታወት ላይ የተለጠፈ ቅዱስ ይሁን፣ መጀመሪያ ዓይናቸውን ነው። ሁለት ከሆነ ደግ፤ አንድ ከሆነ ክፉ። ይህን ያስተማሩኝ ሠዓሊው መሪጌታ ማርቆስ ናቸው።

መንደራችን ከወረታ ወደ ጣና ወረድ ብሎ፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት የሩዝ ማሳ መሃል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ አዲስ ታንጾ፣ ቆርቆሮው ከሩቅ ዓይን የሚወጋበት ዘመን ነበር። ግድግዳው ግን ገና ባዶ ስለሆነ መሪጌታን ከአንበሳሜ በኩል አስመጧቸው። አቡጀዲውን ዕቃ ቤት ውስጥ ወጥረው እዚያ ይሥላሉ፤ ሲያልቅ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። እኔ አብሮ አደግ የሚባል ነገር ስላልነበረኝ ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያው እገባለሁ። አያባርሩኝም። የቀለሙ ሽታ ራሴን ቀለል ያደርግልኝ ነበር፤ የጋዝና የማር ቅልቅል ይመስላል።

አንድ ቀን ሰማዕቱን በጅራፍ የሚገርፈውን ወታደር አይቼ፣ «መሪጌታ፣ ይሄ ሰውዬ ዕውር ነው?» አልኋቸው።

«ምነው?»

«አንዱ ዓይኑ የለም።»

ብሩሻቸውን አፋቸው ላይ ነክሰው ሳቁ። «ዕውር አይደለም ማረው። ክፉ ነው። ክፉ ሰው ቀና ብሎ አያይህም። ስለዚህ ከጎኑ እንሥለዋለን፣ አንድ ዓይን ብቻ ይወጣዋል። ደግ ግን ፊቱን ሙሉ ይሰጥሃል።»

«ይሁዳስ?»

«ይሁዳም በጎኑ ነው። ሰይጣንም በጎኑ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ዓለም ለሁለት ተከፈለልኝ። ቤት ስገባ የእናቴን ዓይኖች አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁለት ናቸው። ደስ አለኝ።

እናቴ ሸጌ ሸክላ ሠሪ ናት። አባቴ እኔ ሳልራመድ ስለ ሞተ የምንኖረው በእጇ ነበር። ድስት፣ ጀበና፣ ጋን፣ እንስራ ትሠራለች፤ የምትተኩሰውም በሩዝ እብቅ ነው። እብቁ እንደ እንጨት ቦግ አይልም፤ ሲጨስ ይውላል፣ ጭሱም ጉሮሮ ይይዛል። የመንደሩ ሴቶች ድስት ሊገዙ ሲመጡ ያዘሉትን ሕጻን ፊት በነጠላቸው ይሸፍናሉ። እኔ ጭሱን ፈርተው ይመስለኝ ነበር። እሳት በሌለበት ቀንም ይሸፍኑ እንደነበር ልብ ያልሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

መሪጌታ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢያችን መጡ።

«ሸጌ፣ እንደምን ዋልሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን መሪጌታ። ምነው በእግርዎ? ድስት ከሆነ ልጁን ቢልኩት ያመጣልዎ ነበር።»

«ድስት አይደለም። የቃናን ሰርግ ልሥል ነው። ጌታ ውሃውን ወይን ጠጅ ያደረገባቸው ጋኖች ያስፈልጉኛል። ከጭንቅላቴ ሥያቸው ነበር፤ ዱባ ሆኑብኝ።»

እናቴ ሳቀች። ስትስቅ እጇ ጭቃ ስለሆነ አፏን በክንዷ ነው የምትሸፍነው። «እነሆ ጋኖቹ፤ የወደዱትን ይምረጡ። ያ ትልቁ ሆዱ ጠማማ ነው፤ እሱን አይሣሉብኝ።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከሰሉ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ እንደ ፌንጣ ይንጫጫል። እናቴ ሥራዋን ቀጠለች፤ እንስራዋን አንስታ ጭቃው ላይ ውሃ ማፍሰስ ስትጀምር መሪጌታ ጋኖቹን ተዉ። እሷን ማየት ያዙ።

«ኧረ መሪጌታ! እኔን ምን ያደርጉኛል? ጋኑን ይሣሉ እንጂ።»

«ጋን ብቻውን አይሞላም እኮ። የሚሞላው ሰው ይፈልጋል።»

«ይተዉኝ በሞቴ። ሰው ምን ይላል?»

«ሰው እስኪል እኔ እጨርሳለሁ። አንቺ አፍስሺ።»

ቀስ ብዬ ከኋላቸው ዞርሁ። ወረቀቱ ላይ እናቴ ነበረች። አፍንጫዋ፣ አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት፣ ክርኗ ሳይቀር። ከጎኗ ነው የሣሏት። ዓይኗ አንድ ነው።

ደግሜ ቆጠርሁ። አንድ። ፊት ለፊቴ ያለችው እናቴ ውሃ እያፈሰሰች ታንጎራጉራለች፤ ወረቀቱ ላይ ያለችው ከገራፊው ወታደርና ከይሁዳ ጋር አንድ ወገን ሆናለች። መሪጌታ ያወቁት፣ እኔ ያላወቅሁት ምን ነገር አለ?

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እናቴ በጠጠር ጀበና ታለሰልስ ነበር። ልቤ አልችል አለ።

«እማዬ፣ አንቺ ክፉ ነሽ?»

ጠጠሩ ቆመ። «ማነው ያለህ?»

«ማንም አላለኝም። አየሁት።»

«የጎረቤት ልጆች ናቸው? ዛሬ ደግሞ ምን አሉህ?»

«ማንም አላለኝም አልሁሽ እኮ።»

ጀበናውን መሬት አስቀምጣ አገጬን በጭቃ ጣቷ ያዘችኝ። «ስማኝ ማረው። ሰው ያለውን ይበል። እኔ የሰው ልጅ በልቼ አላውቅም። ሰማኸኝ? የማንንም ልጅ በዓይኔ ነክቼ አላውቅም።»

ያን ጊዜ የባሰ ደነገጥሁ። እኔ ስለ መብላት መች ጠየቅሁ? ሰው ይበላል እንዴ? በዓይንስ እንዴት ይነካል? ያንን ጥያቄ፣ እኔ አፍ ከፈታሁ ጀምሮ እናቴ ስትጠብቀው እንደኖረች፣ እኔ ስለ ሥዕል ጠይቄ እሷ ስለ መንደሩ እንደመለሰችልኝ ዛሬ ይገባኛል። ያን ዕለት የገባኝ ነገር ቢኖር እናቴ የምትደብቀው ነገር እንዳለ ብቻ ነው።

ወደ ዕቃ ቤቱ መሄድ ተውሁ። ከዚያ ደግሞ አለመሄዱ ከበደኝ። የት አደረጓት? ከሰይጣኑ አጠገብ? ከእሳቱ ውስጥ? ይህን ሳላውቅ እንቅልፍ አልመጣልኝ ሲል አንድ ቅዳሜ ገባሁ።

አቡጀዲው ከዳር እስከ ዳር ሰርግ ሆኗል። ዳስ አለ፣ ሙሽሮች አሉ፣ ጌታ አለ፣ የእናቴ ጋኖች በተርታ ተደርድረዋል። መሃል ላይ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት እንስራ አጋድላ ቆማለች። እናቴ ናት። ፊቷን ሙሉ ሰጥታኛለች። ሁለት ዓይን! ትልልቅ፣ ጥቁር፣ ነጫቸው የፈካ። ሁለት!

«ጠፋህ እኮ» አሉ መሪጌታ ሳይዞሩ።

«ያ... ያ በጎኗ የሣሉትስ?»

«እሱማ ለእጇ ነው። እንስራ የሚያጋድል እጅ ከፊት አይታይም። እጇን ከጎን ወሰድሁ፣ ፊቷን ከፊት።» ዞረው አዩኝ። ምን ሆኜ እንደነበር አላወቁም። «ና እስቲ፤ ልፈትንህ። ስትገባ ዓይንህ ቀድሞ የት አረፈ?»

«እማዬ ላይ።»

«እናትህ ስለሆነች?»

«አዎ።»

«ሞኝ። እኔ ነኝ የላክሁህ።» ብሩሻቸውን እንደ ዘንግ ይዘው ያሳዩኝ ጀመር። የማዕዱ ጠርዝ ዘመም ብሎ ወደ እሷ ይሄዳል። የእንግዶቹ ክንድ ወደ እሷ ይዘረጋል። የጌታ ጣት ወደ እንስራዋ ያመለክታል። ጋኖቹ ትልቅ ትንሽ፣ ትልቅ ትንሽ እያሉ እንደ ከበሮ ምት ወደ እሷ ይመጣሉ። የሰዉ ልብስ ሁሉ አረንጓዴና ሰማያዊ ነው፤ ቀዩ የእሷ ብቻ። እንግዳው እርስ በርስ ተጨናንቋል፤ በእሷ ዙሪያ ግን ባዶ ቦታ አለ። «በግራ ይህን ሁሉ ሰው አከማችቼ፣ በቀኝ እሷን ብቻዋን አቆምኋት። ሥዕሉ አጋደለ?»

«አላጋደለም።»

«ለምን ይመስልሃል? ብቻዋን ስለምትመዝናቸው ነው።»

በሩ ላይ የሰው ድምፅ ተሰማ። መሪጌታ በእጃቸው ምልክት ሲሰጡኝ ተጠቅልሎ ከቆመው አቡጀዲ ኋላ ገባሁ። የመጡት የሕንጻ ኮሚቴው ሰብሳቢ አያ በላቸውና አንድ ቄስ ናቸው። አያ በላቸው የሩዝ መፈልፈያ ስላላቸው ልብሳቸው ሁልጊዜ ብናኝ አለበት፤ ሽታቸው ቀድሟቸው ይገባል።

ሥዕሉ ፊት ሄደው ቆሙ። ከዚያ አያ በላቸው፣ «ይቺ ሸጌ አይደለችም?» አሉ።

«ውሃ ቀጂ ናት» አሉ መሪጌታ።

«ኧረ መሪጌታ፣ እኛም ዓይን አለን። ሸጌ ናት። ንቅሳቷን ሳይቀር!»

«ብትሆንስ? ቆራቢ አይደለችም?»

«መቁረቧን ማን ከለከላት? ግን የአገሩ ሴት ሁሉ ቆማ የምታስቀድስ በዚህ ግድግዳ ፊት ነው። ያረገዘች አለች፣ የታቀፈች አለች። ቅዳሴው እስኪያልቅ ያ ዓይን ሲያፈጥባቸው ሊውል ነው?»

«ዓይኑን የሣልሁት እኔ ነኝ። ቀለም ነው።»

«ቀለም ነው ይላሉ! እርስዎ ሥለው ወደ አንበሳሜ ይገባሉ። እዚህ የምንቀር እኛ ነን።»

«ለሰላም ሲባል፣ መሪጌታ» አሉ ቄሱ፣ ምድር ምድሩን እያዩ።

«ፊቷን ያዙሩልን። ሌላ አላልንም» አሉ አያ በላቸው።

«ላዙራት?»

«ያዙሯት።»

መሪጌታ ብሩሻቸውን ጨርቅ ላይ ሲጠርጉ ይሰማኛል። ረጅም ጊዜ ጠረጉት። «ይሁን። አዞራታለሁ። ይህ አገር እንደሆነ ውሃ አያጣም።»

አያ በላቸው ነገሩ በመለሳለሱ ደስ ብሏቸው ሳቁ። «እሱንስ እውነትዎን ነው! ዘንድሮማ ሩዙንም ጠርጎ ሊወስደው ነው።»

እኔ ከአቡጀዲው ኋላ ደርቄ ቀረሁ። ፊት ማዞር ማለት በጎን ማድረግ ነው። በጎን ማለት አንድ ዓይን ነው። እናቴን ከደጎቹ አውጥተው ከክፉዎቹ ሊያስገቧት፣ ያውም ሰው ሁሉ በሚያይበት ግድግዳ ላይ! ዓይን ያፈጣል ያሉትን አልተረዳሁትም። የሰማሁት «ያዙሯት» የምትለዋን ብቻ ነው።

ሥዕሉ የሚገለጥበት በዓል ደረሰ። እናቴ ነጠላዋን አጥባ፣ ራሷን ተሠርታ፣ ከአጥሩ ውጭ ካለው ሾላ ሥር ቆመች። «ግቢ እንጂ» ብላት፣ «ሰው ይብዛ፣ ኋላ እገባለሁ» አለችኝ። በሴቶች በር በኩል፣ በቀሚሶች መሃል ተሹለክልኬ ገባሁ። ቅቤና ላብ፣ ጧፍ፣ አዲስ ቀለም። መጋረጃው ሲነሳ እልልታው ቆርቆሮውን አናጋው። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከፈትሁት።

ማዕዱ አለ። ጌታ አለ። ጋኖቹ አሉ። ቀይ ቀሚሷም አለ። እናቴ ግን በጎኗ አልነበረችም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። የሚታየው ጥቁር ጸጉሯ ብቻ ነው። አንድም ዓይን የለም!

ሁለት እግሬ መሬት ለቀቀ። መሪጌታ አዳኗት! ያዙሯት ሲሏቸው ግማሽ መንገድ ላይ አላቆሟትም፤ ሙሉ በሙሉ አዙረው ከክፉዎቹ ቁጥር አወጧት። አንድ ነገር ብቻ ቅር አሰኘኝ። የሙሽሪት ጸጉር ያብረቀርቃል፣ የእንግዶቹም ያብረቀርቃል፤ የእናቴ ግን እንደ ድስት ቂጥ ደብዛዛ ነው። ቅቤ ረሱላት አልሁ።

እየሮጥሁ ወደ ሾላው ሄድሁ። «እማዬ! እማዬ! ባለ አንድ ዓይን አላደረጉሽም!»

«ምን አደረጉኝ?»

«ዓይን የለሽም! ጀርባሽን ነው የሰጠሽው!»

አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ አፏን ግን በክንዷ አልሸፈነችውም። «እሰይ» አለች። «እሰይ የኔ ጌታ። በል እንሂድ።»

መሪጌታ ጓዛቸውን ተሸክመው ከበሩ ሲወጡ ከእኛ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ቄስና ሽማግሌ የሚነሳላቸው ሰው፣ እናቴ ፊት እስከ መሬት ጎንበስ አሉ። የወደቀባቸው ነገር ያለ መሰለኝ። እኔ ሣሩን ስፈልግ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን እናቴ የሴቶቹን በር አልረገጠችም። ቅዳሴውን ከሾላው ሥር ትሰማለች። ጥላው ደስ ስለሚላት ይመስለኝ ነበር።

ወረታ ስማር የሥነ ጥበብ መምህራችን የተቀደዱ መጽሔቶች ያመጣ ነበር። ሥዕል ከፍ አድርጎ ያሳየንና፣ «መስመሩን አሳዩኝ። ቅርጹን። ሸካራው የት ነው፣ ለስላሳው? ሚዛኑን ምን ያዘው?» ይለናል። የመሪጌታን ትምህርት በስም በስሙ አገኘሁት። አንድ ቀን፣ «ዋናው ነገር የትኛው እንደሆነ ከጠፋባችሁ መስመሮቹን ተከተሉ፤ ሠዓሊ መስመር በከንቱ አያባክንም» አለ። እርሳሴ ከእጄ ወደቀ። ጠርዙ፣ ክንዱ፣ ጣቱ፣ ጋኖቹ፣ ቀዩ፣ ባዶው ቦታ፣ ይህ ሁሉ ሰልፍ ወደ አንድ ሰው ማጅራት? ሰው ይህን ሁሉ ደክሞ ማጅራት ያሳያል? ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ የሕጻኖቹ ነጠላ፣ «በዓይኔ ነክቼ አላውቅም» ያለችው፣ ሾላው፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣብኝ። እልል ብዬ ሮጬ የነገርኋት ምን እንደነበር ገባኝ። ደብተሬን ትቼ ወጣሁ።

ቤት ደርሼ ስለ ሥዕሉ ብጠይቃት፣ «ጋኖቹን አይተሃቸዋል?» ብቻ አለችኝ። «ጋኖቹ ጥሩ ወጥተዋል አሉ።»

አሁን ወረታ የሱቅ ማስታወቂያ እጽፋለሁ፤ የባጃጅ ጀርባም ላይ እሥላለሁ። ባለፈው ክረምት ነፋስ የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ ገነጠለው። ዝናቡ በደቡቡ ግድግዳ ላይ ሲወርድ ከረመ። መስከረም ሲጠባ ቄሱ ደወሉልኝ፤ «ማረው፣ ቃና ተበላሽቷል። ቀለምህን ይዘህ ና።»

መሰላል አስደግፌ ወጣሁ። አያ በላቸው ከበሩ አጠገብ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አርጅተዋል፣ ብናኙ ግን ከልብሳቸው አልጠፋም። የሙሽሮቹ ቀለም ደህና ነው። የጌታም ደህና ነው። ወደ ቀዩ ቀሚስ ጠጋ ብዬ ቀና ስል፣ ከእናቴ ጥቁር ጸጉር መሃል አንድ ዓይን አየኝ።

መሰላሉን ባልይዝ ወድቄ ነበር። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ነጩ የፈካ ዓይን። በማጅራቷ ውስጥ ተከፍቶ፣ ቀጥ ብሎ ያየኛል።

«ምንድን ነው? ምን አየህ?» አሉ አያ በላቸው ከታች።

«ዓይን።»

በትራቸው ከእጃቸው አምልጦ ድንጋዩ ላይ ጮኸ። «የማን?» አሉ። የማን እንደሆነ ግን ያውቁታል። «ቀባበት! ዛሬውኑ ቀባበት!»

እርጥብ ጨርቄን አንስቼ የዓይኑን ዳር ነካሁ። ጥቁሩ ጨርቁ ላይ ቀረ። ሌላውን ቀለም፣ ቀዩን፣ አረንጓዴውን አሸሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ጥቁሩን አሸተትሁት። ቅባት የለውም። በውሃ የተበጠበጠ ጥቀርሻ ነው። ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥቀርሻ። ቅቤ የረሱላት የመሰለኝ ጸጉር!

«ይህ አገር እንደሆነ ውሃ አያጣም» ያሉት፣ ያን ጊዜ በድምፃቸው ጭምር ጆሮዬ ላይ መጣ። ከአቡጀዲው ኋላ ሆኜ ሰምቼው፣ አያ በላቸውም ስቀውበት፣ ሁለታችንም ያልሰማነው። መሪጌታ ካረፉ ቆይተዋል። ሥዕላቸው ግን ዝናብ ሲጠብቅ ነው የኖረው።

ወርጄ ወጣሁ። እናቴ ከሾላው ሥር አልነበረችም፤ ቤት እብቅ ስታነድ አገኘኋት። አላብራራሁላትም። «እማዬ፣ ነይ» አልኋት። ፊቴን አይታ ተነሳች፤ እጇን እንኳ አልታጠበችም። የሴቶቹ በር ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ደፉን ተሳለመች። ገባች።

ሥዕሉን ከታች ወደ ላይ አየችው። መጀመሪያ ጋኖቹን። ከዚያ ቀሚሱን። ከዚያ ዓይኑን። እኔም እሷን አያለሁ፤ የምትጮህ ወይ የምትወድቅ መስሎኝ እጄን ዘርግቻለሁ።

«አንዱ ብቻ ነው የወጣው?» አለች።

«እስካሁን አንዱ ነው።»

«ሸጌ...» አሉ አያ በላቸው ከበሩ።

ዞር ብላ አየቻቸው፤ ሙሉ ፊቷን ሰጥታ። «ከፈሩ ይከናነቡ፣ አያ በላቸው።»

ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች። «ምን ቆመህ ታየኛለህ? ባለ አንድ ዓይን አድርገህ ልታስቀረኝ ነው እንዴ?»

ታውቅ ነበር። ያን ዕለት ከሾላው ሥር ሮጬ የነገርኋትን፣ አንዱም ሁለቱም ምን ማለት እንደሆነ፣ ሁሉንም ታውቅ ነበር።

መሰላሉን እንድትይዝልኝ ነገርኋት። ጭቃማ እጇን መሰላሉ ላይ ስታሳርፍ፣ ጨርቄን ባልዲው ውስጥ ነክሬ ወጣሁ።